የዲስክ ፍሬኔ ቁልቁለት ላይ አይዝም፤ ኃይሉን በምን ልጨምር?

የታቦር ሥር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ወደ ሥራ የምመላለሰውም በብስክሌት ነው። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች አስፋልት ላይ የፍሬን ነገር አሳስቦኝ አያውቅም ነበር። ይሁንና ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ማለዳ ታቦር ተራራ ወጥተን በጠጠሩ መንገድ መውረድ ከጀመርን ወዲህ፣ የብስክሌቴ ዲስክ ፍሬን ለቁልቁለት እንደማይበቃ እየገባኝ መጥቷል።

ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ። ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለውን ኩርባ እንደዞርኩ፣ ቢጫ ጀሪካን ያዘለች ልጅ መንገዱን ስታቋርጥ አየሁ። ሁለቱንም የፍሬን እጀታዎች ከመሪው ጋር እስኪጣበቁ ድረስ ጨመቅኋቸው፤ ፍሬኑ ጮኸ እንጂ ብስክሌቱ መንደርደሩን አላቆመም። ልጅቷን ላለመግጨት ስል ወደ ቁጥቋጦው ገባሁ። እርሷ ምንም አልሆነችም፤ እኔም ክርኔ ከመላጡ በቀር ደህና ነኝ። ነገር ግን ልጅቷ በድንጋጤ ቆማ ያየችኝ አስተያየት እስካሁን ከዓይኔ ስላልጠፋ፣ ይህን ነገር ሳላስተካክል ዳግም ቁልቁለት ላለመውረድ ወስኛለሁ።

ብስክሌቱ ያገለገለ ማውንቴን ባይክ ነው። ፍሬኖቹ በዘይት ሳይሆን በካቮ (ከእጀታው በሚሳብ የሽቦ ገመድ) የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ዲስኮቹ የፊቱም የኋላውም 160 ሚሊ ሜትር ናቸው። እኔ 77 ኪሎ እመዝናለሁ፤ ብስክሌቱ ደግሞ 14 ኪሎ ገደማ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ሙሉውን አውጥቼ በዘይት የሚሠራ ፍሬን እንዳስገባ ይመክረኛል፤ ሌላው ትልቅ ዲስክ ማድረግ ይበቃል ይላል። ሁለቱንም ለማድረግ አቅሜ አይፈቅድምና፣ በቅድሚያ የቱን ባደርግ እንደሚሻል ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩኝ ታላቅ ውለታ ነው።


ጠጋኝ ከአቶቴ

ልጄ፣ እንኳን አተረፈህ፤ እንኳን ያቺንም ልጅ አተረፋት። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ከ20 ዓመት በላይ ብስክሌት ስጠግን ስለኖርኩ፣ የጓደኞችህን ምክር ሳልንቅ፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፍሬኑ ከገዛኸው ጀምሮ እንዲህ ነበር? ወይስ በደንብ ሲይዝ ቆይቶ ነው የከዳህ? ከጅምሩ ደካማ የሆነ ፍሬንና ሲይዝ ኖሮ የደከመ ፍሬን መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

መልስህን እስክሰማ ድረስ ግን፣ እጀታው መሪውን ይነካል ያልከው ነገር ብቻውን ብዙ ይነግረኛል። እጀታው መሪውን ከነካ በኋላ የምትጨምረው ጉልበት ሁሉ መሪውን ከመጭመቅ በቀር ለዲስኩ የሚያደርስለት ነገር የለም። ስለዚህ ጉልበትህ መንገድ ላይ የት እንደሚቀር መፈለግ አለብን። ብስክሌቱን አቁመህ፣ አንድ ሰው እጀታውን እየደጋገመ እንዲጨምቅልህ አድርግና አንተ ከእጀታው እስከ ካሊፐሩ፣ ማለትም ዲስኩን እስከሚጨብጠው ክፍል ድረስ ካቮውን በዓይንህ ተከተለው። የካቮው ሽፋን በእያንዳንዱ ጭመቃ እንደ እባብ የሚታጠፍና የሚላወስ ከሆነ፣ ወይም ጫፉ በቆቡ ውስጥ የሚሰምጥ ከሆነ፣ ጉልበትህ እዚያው እየቀረ ነው። ሽፋኑ ከሚገባው በላይ ረዝሞ ከተንዘላዘለ አሳጥረው፤ ጫፉንም ቀጥ አድርገህ ቁረጥና በሞረድ አስተካክለው። የዛገና የተበጣጠሰ ካቮ ካገኘህም ሳትራራ ለውጠው፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ከካቮ የረከሰ ዕቃ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቅ። ያገለገሉ ብስክሌቶች ላይ የማርሽ ካቮ ለፍሬን ተደርጎ ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ። የፍሬን ካቮ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት በለጥ ያለ ሲሆን፣ የማርሹ ግን 1.2 ገደማ የሆነ ቀጭን ነው። ሽፋናቸውም ይለያያል፤ የተለመደው የፍሬን ሽፋን ውስጡ እንደ ምንጭ የተጠመዘዘ ሽቦ ሲሆን፣ የማርሹ ግን ጎን ለጎን የተደረደሩ ቀጫጭን ሽቦዎች በላስቲክ የታቀፉበት ነው። የማርሹ ሽፋን የፍሬንን ጉልበት እንዲችል ስላልተሠራ፣ በድንገት በኃይል ሲጨመቅ ሊፈነዳ ይችላል። ይህ የማይዝ ፍሬን ብቻ ሳይሆን ጨርሶ የሚጠፋ ፍሬን ነው።

ቀጥለህ ወደ ካሊፐሩ ሂድ። እንዳንተ ባሉ በካቮ በሚሠሩት አብዛኞቹ ላይ ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ከሚጨብጡት ሁለት ሸራዎች የሚንቀሳቀሰው የውጭው ብቻ ነው። የውስጠኛው ሸራ ተተክሎ ይቀመጥና፣ የውጭው ዲስኩን ገፍቶ ወደ እርሱ ያስጠጋዋል። ውስጠኛው ሸራ እየተበላ ሲሄድ ከዲስኩ ይርቃል፤ ያን ጊዜ የእጀታህ ጉዞ ግማሹ ዲስኩን በማጠፍ ያልቃል። ከካሊፐሩ ጀርባ፣ በጎማው ሽቦዎች በኩል፣ በአለን ቁልፍ የሚዞር ማስተካከያ ታገኛለህ፤ እርሱን እያዞርክ ውስጠኛውን ሸራ ሳይነካ እስከሚቻለው ድረስ ወደ ዲስኩ አስጠጋው። በመሃላቸው የምታየው ብርሃን የስስ ወረቀት ያህል ቢሆን ይበቃል። ብዙ ሰው ይህን ትቶ ካቮውን ብቻ ይወጥራል፤ ካቮ በተወጠረ ቁጥር ግን የካሊፐሩ ክንድ ከመነሻው አልፎ ስለሚቆም፣ የመጨረሻዋን ጠንካራ ጭመቃ የሚሰጥበት ጉዞ ይጎድለዋል። ሸራው ሲበላ የሚስተካከለው ሸራው ነው፤ ካቮው አይደለም።


የታቦር ሥር (ጠያቂ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስገዛው በደንብ ይይዝ ነበር፤ አስፋልት ላይ የኋላው ጎማ በቀላሉ ይቆለፍ እንደነበር አስታውሳለሁ። አሁን እርስዎ ሲጠይቁኝ ያስታወስኩት ነገር ግን አለ። ከሦስት ሳምንት በፊት ካቴናው ደርቆ ስላስቸገረኝ አንድ ቦታ ወስጄው፣ ብስክሌቱን አጋድመው በናፍጣና በብሩሽ አጥበው፣ ዘይት ቀብተው ሰጡኝ። የሚጮኸውም ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል። ዛሬ ማታ የእጅ ባትሪ ይዤ ስመለከት የኋላው ዲስክ ላይ፣ ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ የሞተር ዘይት ሲፈስ እንደሚታየው ዓይነት፣ ቀስተ ደመና የሚመስል ነገር አየሁ። የካቮው ሽፋንም እርስዎ እንዳሉት ይላወሳል።


ጠጋኝ ከአቶቴ

እንግዲህ በሽታው ሁለት ነው ማለት ነው፤ ካቮውና ናፍጣው። የባሰው ናፍጣው ነው።

የፍሬን ሸራ እንደ ሸክላ ቀዳዳ ያለው ነገር ነው፤ ቅባት ሲነካው ከላይ አይቀመጥም፣ ወደ ውስጥ ይመጠዋል። ብስክሌት ተጋድሞ ካቴናው ሲታጠብ፣ ከብሩሹ የሚረጨው ናፍጣ ዲስኩንና ካሊፐሩን ማግኘቱ አይቀርም። ናፍጣ ደግሞ ተንኖ የሚጠፋ ሳይሆን ቅባቱን ትቶ የሚሄድ ነገር ነው። ስለዚህ እኔ ካቴና ሳጥብ ዲስኩን በፌስታል ጠቅልዬ አስራለሁ፤ የኋላው ጎማ የሚወጣ ከሆነም አውጥቼ ሌላ ቦታ አኖረዋለሁ። ዘይትም በጣሳ አላፈስም፤ በእያንዳንዱ የካቴና ዘለበት ላይ አንድ ጠብታ አድርጌ ትርፉን በጨርቅ እጠርገዋለሁ።

አሁን የምታደርገው እንዲህ ነው። ሁለቱንም ጎማዎች አውጣ፤ ሸራዎቹንም አውጣ። ዲስኩን በመጀመሪያ በሙቅ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠበውና አድርቀው፤ ከዚያ ከፋርማሲ በምትገዛው አልኮል፣ በንጹህ ነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁ ጥቁር ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ደጋግመህ ጥረገው። ሳኒታይዘር እንዳትጠቀም፤ እጅ እንዳያደርቅ ተብሎ ግሊሰሪን ይጨመርበታልና ማጽዳቱ ቀርቶ ሌላ ቅባት ትቀባዋለህ። ካጸዳኸው በኋላ ዲስኩን በጣትህ አትንካው፤ የእጅ ወዝም ቅባት ነው።

ሸራዎቹን በተመለከተ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፈህ፣ የሚያብለጨልጨው ፊታቸው ጠፍቶ ደብዛዛና አንድ ዓይነት መልክ እስኪይዙ ድረስ ቀስ ብለህ ፋቃቸው፤ ዱቄቱን በአፍንጫህ እንዳትስብ አፍህንና አፍንጫህን ሸፍን። አንዳንድ ልጆች በእሳት ሲያቃጥሏቸው አያለሁ፤ እኔ አልመክርህም፤ ሸራውን ከብረቱ ጋር የያዘው ማጣበቂያ ሊጎዳ ይችላል። እውነቱን ልንገርህና፣ ውስጡ ድረስ የጠጣ ሸራ ብትፍቀውም ሲሞቅ ቅባቱን መልሶ ያወጣዋል። ስለዚህ ለኋላው አዲስ ሸራ ግዛ፤ የፊቱን ግን ፍቀህ ሞክረው። ከብረቱ በላይ የቀረው የሸራ ውፍረት 0.5 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ደግሞ መሞከሩም አያስፈልግም፣ ለውጠው።


ነፋሻው አዳማ

ከአዳማ ነው የምጽፈው። የጋሼን ምክር ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ የምጨምረው ሁለት ነገር ስላለኝ ነው።

አንደኛው፣ አዲስ ሸራ ካስገቡ በኋላ በዚያው ቀን ወደ ታቦር እንዳይወጡ። አዲስ ሸራና የተጸዳ ዲስክ ገና አልተላመዱም፤ ፍሬኑ ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ከሸራው የሚወጣ ስስ ሽፋን በዲስኩ ፊት ላይ እኩል ሲለብስ ነው። ሜዳ የሆነና መኪና የማይበዛበት መንገድ ይፈልጉ፤ መጠነኛ ፍጥነት ይያዙና በአንዱ ፍሬን ብቻ፣ ጎማው ሳይቆለፍ፣ የእግር ጉዞ ያህል እስኪዘገይ ድረስ ይጨምቁት፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ይልቀቁት። ይህን ለእያንዳንዱ ፍሬን ሃያ ጊዜ ያህል ይደጋግሙት። ከአሥረኛው በኋላ ልዩነቱ በጣትዎ ይሰማዎታል። ይህን ሳያደርጉ ቁልቁለት የወረዱ ሰዎች አዲሱ ሸራ አይረባም ብለው ሲያማርሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሸራው ግን ጥፋት አልነበረበትም።

ሸራ ሲገዙም ዓይነቱን ይጠይቁ። ሬዚን የሚባለው ለስላሳ ነው፤ ገና ሳይሞቅ በደንብ ይይዛል፣ ድምፅም አያበዛም፤ ነገር ግን በረዥም ቁልቁለት ሲሞቅ ኃይሉ ይቀንሳል፣ በክረምት ጭቃም ቶሎ ያልቃል። የብረት ብናኝ ተጋግሮ የተሠራው ሜታል ሸራ ሙቀትንና ጭቃን ይችላል፤ በምትኩ ይጮኻል፣ ዲስኩንም የበለጠ ይበላል። ሜታሉን ከመግዛትዎ በፊት ግን በዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ያንብቡ። በርካሽ ዲስኮች ላይ ለሬዚን ሸራ ብቻ መሆናቸው በእንግሊዝኛ ተጽፎባቸው ይገኛል፤ ብረታቸው ለስላሳ ስለሆነ ሜታል ሸራ በአጭር ጊዜ ይጨርሳቸዋል።

ሁለተኛው ነገር በእኔ ላይ የደረሰ ነው፤ ወደ ዘይት ፍሬን የመለወጥ ሐሳብ ስላለዎት ልናገረው ይገባል። የነፋስ ተርባይኖቹ ከቆሙበት ኮረብታ በኩል ወደ ከተማ ስወርድ፣ ያገለገለው የዘይት ፍሬኔ እጀታ እንደ ስፖንጅ እየላላ አስቸገረኝ። ዘይቱ ጎድሎ ነው ብዬ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ዶት 4 የተባለውን የፍሬን ዘይት ገዝቼ ሞላሁት። የእኔ ፍሬን ግን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነበር። ለጥቂት ቀናት ደህና መሰለኝ፤ ከዚያ ግን እጀታው ከተጨመቀ በኋላ አልመለስም አለ። ከፍተን ስናየው በውስጡ ያሉት የጎማ ቀለበቶች አብጠው ነበር። እጀታውም ካሊፐሩም የማይጠገኑ ሆነው ተጣሉ። የሺማኖ፣ የቴክትሮና የማጉራ ፍሬኖች በማዕድን ዘይት፣ አብዛኞቹ የስራም ፍሬኖች ደግሞ በዶት ይሠራሉ፤ አንዱ በሌላው ፈጽሞ አይተካም። ዶት በተጨማሪ ከአየር እርጥበት የሚስብ ነው። ዶት 4 አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ የሚቆይ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ልክ ወደ 155 ይወርዳል። ስለዚህ የዘይት ፍሬን የተሻለ መሆኑን ባልክድም፣ ትክክለኛውን ዘይትና አየር ማስወጫውን መርፌ በአካባቢዎ የሚያገኙ መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብዎን እንዳያወጡ እለምንዎታለሁ።


የሜካኒክስ አስተማሪ

ስለ ዲስኩ መጠን የተነሳው ሐሳብ መልስ ሳያገኝ ስለቀረ በዚያ ላይ ጥቂት ልበል።

ሸራው ዲስኩን በተመሳሳይ ጉልበት ቢይዘውም፣ የሚይዝበት ቦታ ከጎማው መሃል በራቀ መጠን ጎማውን የማቆም ኃይሉ ይጨምራል። ይህም ረዥም እጀታ ያለው ቁልፍ ብሎን በቀላሉ እንደሚፈታ ማለት ነው። ከ160 ወደ 180 ሚሊ ሜትር ሲኬድ ኃይሉ በ12 እና በ14 በመቶ መካከል ይጨምራል፤ ወደ 203 ሲኬድ ደግሞ ከ27 እስከ 30 በመቶ ድረስ ያድጋል። ትልቁ ዲስክ ሙቀትን የሚሸከምበት ብረትና ለአየር የሚያጋልጠው ስፋትም ስላለው፣ ጥቅሙ ረዥም ቁልቁለት ላይ ጎልቶ ይታያል። ሙቀቱ ቀላል አይደለም፤ እርስዎና ብስክሌትዎ በድምሩ 91 ኪሎ ሆናችሁ ከ100 ሜትር ከፍታ ብትወርዱ፣ የምትለቁት ጉልበት አንድ ሊትር ውኃን ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለማሞቅ ይበቃል። ከፊሉን ንፋሱና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል፤ የቀረውን ግን ሁለት ስስ ዲስኮች ይሸከሙታል። በዚህ ምክንያት እጀታውን ከላይ እስከ ታች በስሱ ይዞ ከመውረድ ይልቅ፣ ኩርባው ሳይደርስ ጠንከር አድርጎ አዘግይቶ መልቀቅና ዲስኩ እንዲተነፍስ ማድረግ ይሻላል። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ እንደሚሆንም አይርሱ።

ነገር ግን ትልቅ ዲስክ ናፍጣ የጠጣ ሸራን አያድንም። የደከመ ነገር ላይ 12 በመቶ ቢጨመር ያው ደካማ ነው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ጋሼ እንዳስቀመጡት ይሁን። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ከተረፈዎት ዲስኩን የሚያሳድጉት በፊት ለፊት ብቻ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ጎማ ይቀልላል፤ የቀለለ ጎማ ላይ ተጨማሪ ኃይል ቢያደርጉ ከመቆለፍና ከመንሸራተት በቀር የሚያገኙት የለም። ለፊቱ ግን መጠኑን የሚያስተካክል ማያያዣ ብረት ከዲስኩ ጋር አብሮ ያስፈልግዎታል፤ ፎርኬላው (የፊቱን ጎማ የሚይዘው ሹካ) እስከ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚፈቅድም አስቀድመው ይወቁ። ከሚፈቀድለት በላይ ሲሆን ፎርኬላው ራሱ ሊጎዳ ይችላል። የዲስኩንም ውፍረት ይለኩት፤ ብዙዎቹ አዲስ ሲሆኑ 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው፣ 1.5 ሲደርሱ መለወጥ አለባቸው። ዝቅተኛው ልክ በአብዛኛው ዲስኩ ላይ ተጽፎ ይገኛል።


የታቦር ሥር (ጠያቂ)

ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ሁሉንም ምክር በቅደም ተከተሉ ፈጸምኩ። ከመጀመሬ በፊት ግን ልዩነቱን በግምት ሳይሆን በልክ ማወቅ ስለፈለግሁ፣ ሰፈራችን ካለው ጭር ያለ አስፋልት ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየነዳሁ መስመሩ ላይ ስደርስ ሁለቱንም ፍሬኖች ያዝኩ። ለመቆም ዘጠኝ እርምጃ ፈጀብኝ።

የፊቱ ካቮ በእርግጥም የማርሽ ካቮ ሆኖ ተገኘ። ሽፋኑን ስፈታው ጎን ለጎን የተደረደሩት ሽቦዎች አንዱ ጫፍ ላይ ላስቲኩን ቀደው ብቅ ብለው ነበር፤ እጄ ላይ ይዤው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ተመለከትኩት። ሁለቱንም በፍሬን ካቮ ለወጥኳቸው። ዲስኮቹን አጠብኩ፤ የኋላውን ሸራ በአዲስ ሬዚን ተካሁ፤ የፊቱን ፈቅኩት። የውስጠኛውን ሸራ ማስተካከያ ሳዞር ከሁለት ዙር በላይ ሄደ፤ ያን ያህል ርቆ ነበር ማለት ነው። ከዚያም ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ መንገድ ላይ ማለዳ ሁለቱንም ሃያ ሃያ ጊዜ አለማመድኳቸው።

በዚያው የጠመኔ መስመር ላይ አሁን የምቆመው በአምስት እርምጃ ነው። እጀታውም ከመሪው ሁለት ጣት ርቆ ይጠነክራል። የፊቱ ሸራ ግን ጋሼ እንደፈሩት ሲሞቅ ትንሽ መጮህ ስለጀመረ፣ እርሱንም እለውጠዋለሁ። ታቦር ገና አልወጣሁም። ከዚያ በኋላ ለፊት 180 ላድርግ ብዬ አስቤያለሁ፤ ፎርኬላዬ የሚፈቅደውን ልክ ግን የት እንደማገኘው አላወቅሁም።


ጠጋኝ ከአቶቴ

ደስ ብሎኛል ልጄ፤ በጠመኔ መለካትህን ወድጄዋለሁ። የፎርኬላውን ልክ ለማግኘት ከጀርባው በኩል፣ ካሊፐሩ ከሚታሰርበት ወደ ላይ ባለው እግሩ ላይ ተመልከት፤ ስሙና የሞዴሉ ቁጥር በተለጣፊ ወይም በቀረጻ ይገኛል። ጭቃውን ጠርገህ ፎቶ አንሥተህ እዚህ ላክልኝ፤ በሞዴሉ ቁጥር እንፈልገዋለን። እስከዚያው የፊቱን ሸራ ለውጥ። አዲሱ ካቮ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ስለሚላላ ቅዳሜ ከመውጣትህ በፊት ማሰሪያ ብሎኑን ፈትተህ አንድ ጊዜ ሳበው፤ የካሊፐሩን ሁለት ብሎኖችም መጥበቃቸውን አይተህ ውጣ።